ውሻ ሲሞት

በቋንቋችን አንድ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይጠየቅ፣ ጉማም ሳይከፈልበት ሲቀር «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ከልብ ማለት በግዕዝ ውሻ ማለት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ጠያቂ የሌለውን ሞት የሚገልጹበት ምሳሌ ሲፈልጉ ከውሻ ሞት የባሰ አላገኙም ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ሲጠብቅ የኖረ እንስሳ በሞተ ጊዜ ምን ይደረግለት ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችሁ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ብትስቁ አልቀየምም፤ ነገር ግን ጥያቄው የጓሮ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ታዩታላችሁ።

የኛ ልማድ የታወቀ ነው። እኔ በማስተምርበት በላሊበላ ከተማም ሆነ በላስታ ገጠር፣ ውሻ ሲሞት የሰፈር ልጆች ይጠራሉ። በድኑን በእግሩ በገመድ አስረው እየጎተቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ይወስዱታል፤ የቀረውን ጅብና ጥንብ አንሳ ይጨርሱታል። በማግስቱ ማንም ስለ ውሻው አያነሣም።

ይህን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚቈጥር የተማረ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የማስተምረው የሕይወት ሳይንስ ስለ ሆነ ጅብን ለመናቅ አልደፍርም። በመቀሌ ዙሪያ የተደረገና በ2021 የታተመ አንድ ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) የከተማዋ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ በድን እየበሉ እንደሚያጸዱ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት እንደሚረዱ አስልቶ አሳይቷል። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ በዓል የማያከብር የጽዳት ሠራተኛ ነው። ከገደል ለወደቀ በሬ ወይም በእርጅና ለሞተች አህያ ከጅብና ከጥንብ አንሳ የተሻለ ቀባሪ በተራራ አገር አይገኝም። የውሻ ነገር ግን ከዚህ የተለየበት ምክንያት አለ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ወደ ሌላው ዓለም ዘወር ብለን ስንመለከት ለቤት እንስሳ መቃብር መቈፈር የዛሬ ዘመን ፈረንጅ ቅብጠት ብቻ አይደለም። በግብፅ አገር፣ በቀይ ባሕር ዳር፣ በረኒቄ በተባለችው ጥንታዊ ወደብ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ የተቀበሩ ወደ 600 የሚጠጉ እንስሳት ተቈፍረው ወጥተዋል። አብዛኞቹ ድመቶች ሲሆኑ ውሾችና ጦጣዎችም አሉባቸው፤ አንዳንዶቹ የአንገት ጌጣቸውን እንዳሠሩ ነው የተቀበሩት። በፓሪስ አጠገብ በአኒዬር የውሾች መቃብር የተከፈተው በ1899 ነው። ከኛም ቢሆን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ መቃብር አለው። ስለዚህ «ለውሻ መቃብር በአገራችን አልታየም» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ለቤተ መንግሥት የተፈቀደው ለድኻ ጓሮ ምነው ተከለከለ ብዬ እመልስለታለሁ።

በዛሬው ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ ከመቅበር ይልቅ ማቃጠል እየበዛ ሄዷል። በድኑ በጋዝ በሚሠራ ምድጃ ገብቶ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። ለትንሽ ውሻ አንድ ሰዓት ያኽል፣ ለትልቅ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። «አመድ» ተብሎ ለባለቤቱ የሚሰጠው በእውነቱ የተፈጨ አጥንት ነው፤ ክብደቱም ከእንስሳው ክብደት ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ያኽላል። ሃያ ኪሎ የነበረ ውሻ ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ በትንሽ ዕቃ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው። ባለቤቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ውሻው ብቻውን ይቃጠል ወይስ ከሌሎች ጋር የሚለው ነው፤ ከሌሎች ጋር ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ አመዱም አይመለስለትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ያለ እሳት፣ በሙቅ ውሃና በአልካሊ ሥጋውን አሟሙቶ አጥንቱን ብቻ የሚያስቀር ዘዴ መጥቷል። በደቡብ አፍሪካ የታወቁት ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በታኅሣሥ 2021 ባረፉ ጊዜ በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው የተስተናገደው በዚሁ ዘዴ ነው። ለእንስሳት የተጀመረ ነገር ለሊቀ ጳጳስም ደረሰ።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለትምህርት ብዬ አልነበረም። ቤት ያከራዩኝ እማማ ጠይቀውኝ ነው።

እማማ «ታዛቢ» የሚባል ቡናማ ውሻ ነበራቸው። በአገራችን ለውሻ ስም ሲወጣ ለጎረቤት የሚተላለፍ መልእክት እንዳለበት አንባቢ ሳያውቅ አይቀርም። እማማም ከአጥር ባሻገር ካለው ጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልተው በነበረበት ዘመን «እኔ ዝም ብልም ታዛቢ አለኝ» ለማለት ያወጡለት ስም ነው። ጠቡ በሽማግሌ አለቀ፤ ስሙ ግን ቀረ። ጎረቤትየውም ዓመታት ቈይተው ውሻውን በስሙ እየጠሩ አጥንት ይወረውሩለት ነበር።

ታዛቢ በየካቲት አንድ ዓርብ ማለዳ ከደጃፉ እንደ ተጋደመ ሞቶ ተገኘ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በሽታም አልታየበትም፤ እርጅና ነው። ልጆቹ ገመድ ይዘው ሲመጡ እማማ መለሷቸው። ከዚያም ወደኔ ክፍል መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙና፣

«መምህር፣ በገመድ አይጎተትብኝ» አሉኝ። «እናንተ የተማራችሁት አገር እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?»

ዓይናቸው ቀልቷል። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሰው የሚለቀስበት ሥርዓት፣ የሚነፋ ጥሩምባ፣ የሚጣል ድንኳን ያለው ሕዝብ ለውሻ ያዘነች ባልቴት ጉንፋን ነው እንድትል ያስገድዳታል። ኬነዝ ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እንዲህ ያለውን፣ በሰው ፊት ሊገልጡት ያልተፈቀደ ኀዘን ለይቶ ስም ካወጣለትና በ1989 መጽሐፍ ካሳተመበት ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። እማማ መጽሐፉን አላነበቡም፤ ነገሩን ግን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ስለ ምድጃው ነገርኳቸው። «እሳት?» አሉና አማተቡ። «ምን በድሎ ነው በእሳት የሚቀጣው?» ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ «ለእንጀራዬ ያጣሁትን እንጨት ለውሻ ላንድደው?» አሉ። ሁለተኛው መልስ በሳይንስም ትክክል ነው። በሕንድ አገር አንድ አስከሬን በሜዳ ላይ ለማቃጠል ከ400 እስከ 500 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል። ለውሻ ከዚያ ያነሰ ቢበቃም፣ ምድጃ በሌለበት ቦታ በድኑ ግማሹ ተለብልቦ ግማሹ ይቀራል፤ ሽታውም ሰፈሩን ያስመርራል። ኩበት እንኳ በቍጥር በሚነድበት በላስታ ማቃጠል የማይታሰብ ነው። የቀረን መሬቱ ነው።

መሬቱ ደግሞ የላሊበላ መሬት ነው! አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ያ ቀይ ዐለት ከእማማ ጓሮም ከአንድ ክንድ አፈር በታች ይገኛል። በዶማ ጀመርን፣ በድጅኖ ቀጠልን። ከተማሪዎቼ ሁለቱ ሲያግዙኝ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያኽል ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ ካነሰ ጅብ ያወጣዋል። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ መራቅ አለበት፤ በጎርፍ መውረጃም ላይ አይሁን። አንደኛው ልጅ የማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ ነበር፤ ላስቲክ ስለ ሆነ አይበሰብስም፣ በድኑም ቶሎ ወደ አፈር አይመለስም ብዬ መለስኩት። እማማ ያረጀ ጋቢ አወጡ። በአጥሩ በኩል የምትመለከት ሴትዮ «ለሰው የሌለውን!» ስትል ተሰማች። ሌላው ደግሞ «ቅሬው ተጠርቷል ወይ?» ብሎ አሳቀ። እማማ ላንዳቸውም አልመለሱም።

በጎረቤት ያሉ ቄስ በመንገድ ሲያልፉ ቆመው አዩን። ይቈጡናል ብዬ ስጠብቅ «ጦብያም መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል፤ በመጽሐፍ አለ» አሉ። ከዚያም ጣታቸውን አንሥተው «ጉድጓድ መቈፈር ኃጢአት አይደለም፤ ፍትሐት ግን እንዳትጠይቁኝ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ። እኔ ይህን አስተያየት ለጉዳዩ የሚበቃ ፍርድ አድርጌ ተቀብዬዋለሁ።

አፈሩን መልሰን በላዩ ከባድ ከባድ ድንጋይ ደረደርንበት። በሦስተኛው ሌሊት ጅብ መጥቶ ሁለቱን ድንጋይ አንከባሎ፣ አፈሩን ቧጥጦ ሳይሆንለት ሄደ። እማማ ማለዳ ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መልሰው ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓዳቸው ገቡ።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ፤ የውሻ በድን ከበሬ በድን የሚለይበት ዋናው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ቫይረሱ የሚቀመጠው በአንጎልና በምራቅ ነው፤ እንደ ላስታ ባለ ብርዳም አገር ደግሞ በሞተ ውሻ አንጎል ውስጥ ለቀናት ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ውሻው ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ፣ ለሃጩ ተዝረክርኮ፣ መንጋጋው ላልቶ ወይም ያገኘውን ሲነክስ ቈይቶ ከሆነ፣ በባዶ እጅ መንካትም ሆነ ልጆች በገመድ እንዲጎትቱት መላክ ሰውን ለሞት መስጠት ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ ከመቅበር በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል፤ በሽታው በእርግጥ የሚታወቀው አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነውና። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል ቢሄድም ክትባቱን አይተው።

ሌላም አለ። ከላሊበላ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በዚያም ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ጥቂት ቤተሰብ ይኖራል። በአገሪቱ ሁሉ ያሉት ቢቈጠሩ 500 ያኽላሉ። የእረኛው ውሻ ወደ ውርጩ ወጥቶ በሽታውን ከሰጣቸው ምን እንደሚሆን በባሌ ታይቷል፤ በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ በእብድ ውሻ በሽታ አልቀዋል። በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ደረሰባቸው። የታመመ ውሻ በድን በገደል አፋፍ ሲጣል ማን እንደሚጎበኘው አናውቅም፤ ጅብም ቀበሮም የሌላ ሰው ውሻም ሊሆን ይችላል።

መርዝም እንዲሁ ነው። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን መግደል የቈየ አሠራር ነበር፤ በመርዝ የሞተውን ውሻ የበላ ጥንብ አንሳም ይሞታል። በሠለጠነው አገር የእንስሳት ሐኪም ስቃዩ የበዛበትን ውሻ በመርፌ ሲያሳርፍ የሚጠቀምበት ፔንቶባርቢታል እንኳ በበድኑ ውስጥ ቈይቶ ንስርና ጥንብ አንሳ ይገድላል። ስለዚህ በሐኪም መርፌ ያረፈ ውሻ ዕጣው ጥልቅ ጉድጓድ ወይም ምድጃ ነው፤ ገደል አይደለም። ከጥንብ አንሳ ዓይነቶች ብዙዎቹ ሊጠፉ ተቃርበዋልና እነዚህን ቀባሪዎች እኛው መቅበር የለብንም።

በትምህርት ቤት ይህን ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ጊዜ አንዲት ልጅ «ታዲያ ጤነኛ ሆኖ በእርጅና የሞተውን ለጅብ ብንተወው ምን አለበት?» አለችኝ። ለጤና ብዬ ብናገር ኖሮ ምንም የለበትም ባልኩ ነበር። እኔ ግን ስለ እማማ ጉንፋን ነገርኳት። ክፍሉ ዝም አለ፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅም እጁን አንሥቶ፣ እነሱ ቤት የሞተውን ውሻ አባቱ ሌሊት ማንም ሳያይ እንደ ቀበረው ተናገረ።

ከፋሲካ በኋላ የእማማ የወንድም ልጅ ከገጠር አንድ ቡችላ አመጣላቸው። ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጫማ የሚበላ ነገር ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ሦስት ወር ሲሞላው ለክትባት አምጡት ብሏል። ሰፈሩ ሁሉ ስሙን ይጠይቃል፤ በተለይ ድሮ በድንበር የተጣሉት ጎረቤት መልእክቱ ለማን እንደ ሆነ ለማወቅ ቸኩለዋል። እማማ ግን ክትባቱን ሳይወስድ ስም አላወጣለትም ብለዋል።