የቅበላ ጭንብል

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው በከተማችን የሚነሣውን ግርግር የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ሠርገኛው ይጣደፋል፤ ጾሙ ከገባ ሠርግም ድግስም የለምና። ሥጋ ቤቱ በሰው ይጨናነቃል፤ የቤት እመቤቲቱም የተረፈውን ቅቤና ዐይብ የምትጨርስበትን ዘዴ ስታስብ ትሰነብታለች። ይህ ሰሞን ቅበላ ይባላል፤ ጾሙን እንደ ክቡር እንግዳ ወጥቶ መቀበል ማለት ነው።

የምዕራብ ክርስቲያኖችም ከጾማቸው በፊት እንዲህ ያለ የደስታ ሰሞን አላቸው፤ ካርኒቫል ይሉታል። ስሙም ሥጋን ማንሣት ወይም ማስወገድ ከሚል የላቲን ቃል እንደ መጣ ይነገራል። እነርሱ በዓሉን በሚሸኙት ሥጋ ሲጠሩት እኛ በምንቀበለው ጾም መጥራታችን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በዕለቱ የሚበላውን ያየ ሰው ግን ልዩነቱን በስሙ እንጂ በገበታው ላይ አያገኘውም።

ከካርኒቫሎች ሁሉ አሳቤን የያዘው የቬኒስ ነው። በውኃ ላይ የተሠራችው ይህች የኢጣልያ ከተማ በዓሉን ከጥንት ጀምራ ታከብረው ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1296 ዓመት የሪፑብሊኩ ምክር ቤት የጾሙን ዋዜማ የሕዝብ በዓል አድርጎ ዐወጀ። በ1436 ጭንብል ሠሪዎቹ የራሳቸው የሙያ ደንብ ወጣላቸው። ከጭንብሎቹም ባውታ የሚባለው፥ ከጥቁር ካባና ከባለሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ጋራ የሚለበሰው፥ የታወቀ ነው። ከአፍንጫው በታች ወደ ፊት የወጣ ስለ ሆነ ለባሹ ሳያወልቀው ይበላል፥ ይጠጣል፤ ድምፁም ይለወጣል። ከዚህም የተነሣ መኰንንና ደኻ፥ አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ አደባባይ ሳይተዋወቁ ይጋፉ ነበር። ወንጀለኛም ስለ ተሸሸገበት መንግሥቱ ጭንብሉን ደጋግሞ በሕግ ወሰነው። በ1797 ናፖሊዮን ሪፑብሊኩን ከጣለ በኋላ በዓሉ እየደከመ ሄደ፤ እንደ ገና የተነሣው በ1979 ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ በልቤ የቀረው ግን አንድ ትንሽ ልማድ ነው። ጭንብል የለበሰ ሰው በመንገድ ሲያገኙ «እንደ ምን ዋሉ፥ እመቤት ጭንብል» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ እንጂ በስሙ አይጠሩትም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከብዙ ዓመት በፊት ያሳለፍሁት አንድ ቅበላ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በጽሕፈት ሥራ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ለቅበላ በሬ በቅርጫ ለማረድ ተስማሙ። ቅርጫ እጅግ የምወደው ሥርዐት ነው። ሥጋው ጉበቱና ሻኛው ሳይቀር በየመደቡ እኩል ይከፈላል፤ መደቡም በዕጣ ይታደላል፤ ስለዚህ ባለጠጋውም ዘበኛውም ዕጣ ያወጣለትን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰውን በማስተካከል ረገድ ከቬኒስ ጭንብል ይበልጣል እላለሁ። ነገር ግን ዕጣው ውስጥ ለመግባት አስቀድሞ ገንዘቡን መክፈል ያስፈልጋል። በዚያ ወር ደግሞ አባቴ ታሞ ደመወዜን ወደ አገር ቤት ልኬው ነበር።

ገንዘብ ሰብሳቢው ሲመጣ፥ «ሆዴን ስለሚያመኝ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አልሁት። እንደዚያን ቀን ፈጥኜ የዋሸሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በሬው በታረደበት እሑድ ደጄን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ዋልሁ። የቢላዋው ፍጭት፥ የልጆቹ ጩኸት፥ ዕጣው ሲወጣ የሚነሣው ሣቅ ሁሉ በስሱ ግድግዳ ዘልቆ ይሰማኝ ነበር። ለመውጣት አልችልም፤ በሽተኛ ነኝና።

በመሸ ጊዜ ደጄ ተንኳኳ። የግቢው ባለቤት የነበሩት ባልቴት በነጠላቸው የሸፈኑትን ሳህን ይዘው ቆመዋል። ጥብሱ ገና ይጤሳል።

«እማማ፥ እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርሁ።

«ዐውቃለሁ ልጄ፥ ሐኪም ከልክሎሃል» አሉኝ ቃሌን አቋርጠው። «ይህ ግን መድኃኒት ነው። ሌሊቱ ሳይጋመስ ውሰደው፤ ነገ ጾም ነው።»

ሳህኑን አስጨብጠውኝ፥ ዐይናቸውን ወደ ባዶው ክፍሌ ሳይጥሉ ተመለሱ። «ገንዘብ እንዳጣህ ገብቶኛል» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ከነረኃቤ እመልሰው ነበር። እርሳቸው ግን ጭንብሌን ሰላም ብለው ዐለፉ።

በሚቀጥለው ዓመት የቅርጫውን ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሜ ከፈልሁ። ዕጣ በሚወጣበት ሰዓት ባልቴቲቱ በአጠገቤ ቆመው ነበር።

«ሆድህ ተሻለህ ወይ?» አሉኝ፥ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

«ተሽሎኛል፥ እማማ።»

«ሐኪሙን እግዜር ይስጠው» ብለው መደባቸውን ለማንሣት ጐንበስ አሉ።