ወረቀቱና ወገባችን

‹‹እኛ›› ስንል እኔና ወገቤ ማለታችን ነው። አብረን ውለን አብረን ስለምናድር በነጠላ ማውራት ትተናል።

እናላችሁ፣ ለሥራ ጀዊ ከረምን። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በ2007 ዓ.ም የተከፈተ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ ነው። ከአዲስ አበባ ስንነሳ ሻንጣችን ውስጥ አንድ ወረቀት ነበር። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስካችን ወጣ ብሎ ነርቭ ስለነካ ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችን እንቅስቃሴ ነው፤ በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር።

እኛም እንደ ዳዊት ሳናጓድል ደገምነው። መቀመጫችን ላይ የነበረው ሕመም ግን በሳምንቱ ወደ ባት ወረደ፤ ከዚያ የእግራችን አውራ ጣት ደነዘዘ። ‹‹ካመመ እየሠራ ነው›› ብለን ቀጠልን። ለማንም አልተናገርንም። እናታችን የምትሆን ሴት 20 ሊትር ጀሪካን በጭንቅላቷ ተሸክማ በፊታችን እያለፈች ‹‹ወገቤን›› ማለት ያሳፍራላ! እንዲያውም ደህና ለመምሰል ከባልደረቦቻችን ጋር ካርቶን አወረድን። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ሥራውን ጥለን ስንመለስ፣ ቢላ ሥር ስንተኛ ሲታየን አደረ።

ሲነጋ ደወልን። ፊዚዮቴራፒስቷ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፤ ‹‹ሕመሙ ወዴት እየሄደ ነው?›› ወደ እግር ከወረደ እንቅስቃሴው አልተስማማንም፣ ይቁም። ከእግር ለቆ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ግን፣ ወገብ ትንሽ ቢብስበት እንኳ፣ ጥሩ ምልክት ነው።

ጉልበት መሳቡ ቀረ። በሆድ መተኛት፣ ሲለምድ በክርን ደገፍ ማለት፣ ቀጥሎ በእጅ ገፍቶ ደረትን ማንሳት ተተካ። ዲስክ ሌሊት ውኃ ስለሚስብ ጠዋት ያብጣል፤ ስለዚህ እንደተነሱ ማጎንበስ የለም፣ መጀመሪያ መራመድ ነው። መኪና ውስጥም በየመሀሉ ወርደን መቆም ጀመርን። የጀዊ ቀትር እንኳን ሰው ድንጋይም ያቀልጣልና እንቅስቃሴው ወደ ምሽት ዞረ።

ይህ መንገድ በአጋጣሚ የተገኘ ነው ይባላል። በ1956 እ.ኤ.አ ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ውስጥ የሮቢን ማኬንዚ ታካሚ ራስጌው ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስህተት በሆዱ ተኝቶ ቆየ፤ ሲነሳ የእግሩ ሕመም ለቆት ነበር።

ታዲያ የእኛን ቀድታችሁ እንዳትሠሩ፤ ወደ ኋላ መለጠጥ የሚያብስበትም ሰው አለ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ጭን መሀል ከደነዘዘ፣ እግር መርገጥ ከተሳነው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ከባታችን ለቀቀ። ጣታችን አሁንም ትንሽ ይደነዝዛል። ካርቶን አውርዱ ብትሉን ግን ሳናፍር ‹‹ወገባችንን ያመናል›› እንላለን። ያቺ ጀሪካን ተሸካሚስ? ወገብ እሷም አላት። ሕመሙ ወዴት እየሄደ ነው ብሎ የጠየቃት ይኖር ይሆን?