ተዉአት ትሩጥ

ከከባድ ሕመም የተረፈ ልጅ በእኛ አገር እንደ እንቁላል ይያዛል። የእህቴ ልጅ የደም ካንሰር ሕክምናዋን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጨርሳ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቴ ከማንጎው ሥር ምንጣፍ አነጠፈችላት፤ ትምህርት ቤት መሄጃው ባጃጅ ሆነ፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቿን ሹራብ ትጠብቃለች። ጎረቤቱም «እግዜር ምሯታል፤ እንግዲህ አታድክሟት» ይላል። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ያን ሁሉ መርፌ የቻለች ልጅ፣ ሽልማቷ ዛፍ ሥር መቀመጥ ነው?

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ለክትትል ወደ 390 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ስንገባ ጥያቄዎቼን በወረቀት ይዤ ነበር። (ከክልል የምትመጡ ካላችሁ፣ «ተስፋ አዲስ» የተባለው የወላጆች ድርጅት ለታማሚ ሕፃናት ማረፊያ እንደሚሰጥ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።) የተረዳሁት ይህን ነው፦ ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት የእጅና የእግር ነርቭን ስለሚነካ ልጆቹ ሲራመዱ ሊሰናከሉ ይችላሉ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት ጡንቻና አጥንትን ያዳክማሉ። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ልብን ሊጎዳ ይችላል። ልጅን ማስቀመጥ ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም፤ የቀረውን ጉልበትም ይወስዳል።

እርግጥ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። የልብ ምርመራው እንዴት ነው? አንድ ኩላሊት ብቻ የቀረው ልጅ ግፊያ ያለበት ጨዋታ ይፈቀድለታል? ትኩሳት፣ መድማት፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ጨዋታው ይቁም፤ ወደ ሕክምና ሂዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኛ የጀመርነው በ10 ደቂቃ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ግቢ ውስጥ በጠመኔ ተሠመረ፤ በአንድ እግር መዝለል ስላቃታት ለሁለት ሳምንት በሁለት እግር ዘለለች፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ማታ ማታ ደግሞ እስክስታ። እስክስታ ለእንዲህ ያለ ልጅ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ እግር ቢደክም ትከሻ ይሠራል፣ ሲያሻት ቁጭ ብላ ትመታዋለች። እናቴ እንኳ ሳታስበው ማጨብጨብ ጀመረች። ድካም ሲበዛባት እናቆማለን፤ ማንም «በርቺ» እያለ አይጮህባትም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ ቤት ነው። የገጠሩ ልጆች ስለ ኬሞ የሰሙት ነገር የለም። «ነይ፣ ጥጃ እንመልስ» አሏት፤ ሄደች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ልትከተላቸው ስትል እጇን ያዝኳት። ያ አንድ ሰዓት ለእኔም አልገፋ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ተመልሳ የመጣችው ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ ጉልበቷ ተጭሮ፣ ጥጃውን በገመድ እየጎተተች ነው። ጉልበቷን በሳሙና አጠብንላት። አንድ እንጀራ ጨርሳ ደገመች።

ለገና በዓል ተመልሰን እንድንሄድ ቀጠሮ ይዛለች። ልጆቹ «ገናን ሴት አትጫወተውም» ቢሏትም፣ ዱላዋን ከአሁኑ መርጣ አጎቴ ጎተራ ሥር ደብቃዋለች።