ከታክሲው ኋላ ያለው ኪቦርድ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አራታችንም ከማደሪያ ክፍላችን ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ግጥም የሚጽፍበትን ደብተር አልጋው ሥር ወርውሮ፣ «በቃ! ሰሚ ለሌለው ነገር ዕድሜዬን አልፈጅም» አለን። አባቱ ደውለው፣ «ሥነ ጽሑፍ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ብለውታል። የምንመልስለት ብናጣ ሙዚቃ ከፈትን፤ የጋሽ ኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ»።

ይህን ሥራ የሰማ ያውቀዋል። ዘፋኝ የለውም። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ሲንተሳይዘሩ ከሥር ከሥር ይከተለዋል፤ ከበሮውን የሚመታው ደግሞ ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው። ድምፁ ባዕድ ሊመስል ይችላል፤ ቅኝቱ ግን የእኛው ነው።

ጋሽ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ አወጣ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው)። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ገሚሱ ሲመለስ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። በ1985 ያለ ባንድ፣ መሣሪያውን ሁሉ ብቻቸውን እየተጫወቱ ያንን ካሴት ቀዱ። በልጅነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን ከአዲሶቹ መሣሪያዎች ጋር ያጋቡት ያኔ ነው።

ኋላ ኑሯቸው ታክሲ መንዳት ሆነ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያስቀምጡና በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ አውጥተው፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር።

«አያሳዝንም?» አለ ባለ ደብተሩ።

የባሕር ዳሩ ልጅ፣ ያ ዝምተኛው፣ «ለመሆኑ ለማን ነበር የሚጫወቱት?» ሲል ጠየቀው። ዝም ተባባልን። የሚያጨበጭብ የለ፣ የሚከፍል የለ። ኪቦርዱ ግን ከመኪናው አልወረደም።

ነገሩን ማሳመራችን አይደለም። ታክሲ መንዳት እንጀራ ነው እንጂ ምናኔ አይደለም። የከነከነን ሌላ ነው። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት አግኝቶ እንደገና አሳተመው፤ ጋሽ ኃይሉም በዓለም መድረኮች ላይ ዳግም ታዩ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ። ታዲያ ሰውየው ካሴቱን ያገኘው የት ነው? ባሕር ዳር!

ይህን ጊዜ ዝምተኛው አንገቱን ደፋ። «እኛም ቤት አንድ ጆንያ ካሴት ነበር። ቴፑ ሲበላሽ አውጥተን ጣልነው። ምን ምን እንደነበረበት እንኳ አላየንም» አለን።

ለካ «ሰሚ የለም» ስንል የኖርነው፣ የጠፋነው ሰሚዎች እኛው ኖረናል! ከባለ ደብተሩ ጋር ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ስናድር፣ «እስቲ አንዱን አንብብልን» ያልነው ማንኛችን ነን? ማንም።

ደብተሩን ከአልጋው ሥር አወጣንና አቧራውን አራግፈን ሰጠነው። እያቅማማ ሦስት ግጥሞች አነበበልን። ሁለቱ አልጣሙንም፤ ሳንደብቅ ነገርነው። ሦስተኛውን ግን ድገመው አልነው።

የአባቱ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። ደብተሩ ግን አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።