የመርከቡ መዝገብ

ልጆች ሆይ፣ የምኖረው በአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል፣ አያት በሚባለው ሰፈር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ባሕርን ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ጅቡቲ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። እኔም ዕድሜዬ ከ50 ዓመት ያለፈ መምህር ስሆን እስከ ዛሬ ባሕርን በዓይኔ አላየሁም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደሚባለው፣ በልጅነቴ ከመንደራችን ወንዝ የሚበልጥ ውኃ በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን የእኅቴ ልጅ መርከበኛ ስለ ሆነ ስለ መርከብ ሥራ ብዙ ነገር ከእርሱ ሰምቻለሁ። ከሰማሁትም ውስጥ አንዱ ነገር እኔን ራሴን ስለ ገሠጸኝ ለእናንተ ልጽፈው ወደድሁ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «ወደብ ከሌላት አገር መርከበኛ እንዴት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን አሰብና ምጽዋ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላ ግን አገራችን የባሕር በር የሌላት ሆነች። ቢሆንም መርከቦቿን አልተወችም። ከዚያም በኋላ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ ተብለው በከተሞቻችን ስም የተጠሩ መርከቦች ባሕር ላይ ወጥተዋል። ደግሞም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የመርከበኞች ማሠልጠኛ አለ። የምህንድስና ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች በዚያ ይሠለጥኑና በውጭ አገር መርከቦች ይቀጠራሉ። የእኅቴም ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። የሚሠራው በሰሜን አውሮፓ ከወደብ ወደ ወደብ ኮንቴይነር በሚያመላልስ የጭነት መርከብ ነው።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ አንድ ቀን ማታ ከእናቱ ጋር ወደ ቤቴ መጣ። እኅቴ ቡና እያፈላች ሳለ ስለ ኑሮው እንዲነግረን ጠየቅሁት። እርሱም እንዲህ ሲል ጀመረ።

«ጋሼ፣ በመርከብ ላይ የሥራ ቀንና የሥራ ሌሊት ተለይቶ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ተራ ነው። አንዱ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ10 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሦስተኛው ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይጠብቃል። አራት ሰዓት የጠበቀ ሰው ስምንት ሰዓት ቆይቶ እንደ ገና ተራው ይደርሰዋል። በሰላምም ቢሆን በማዕበል፣ በሰንበትም ቢሆን በበዓል ይህ ተራ አይቋረጥም።»

«እንዲህማ ከሆነ መቼ ትተኛለህ?» አለችው እናቱ።

«የዓለም የመርከበኞች ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት እንድናርፍ ያዝዛል፤ እናቴ። ነገር ግን የእኛ መርከብ ትንሽ ስለ ሆነ በአንድ ሳምንት ብዙ ወደብ ይነካል። ወደብ ሲደርስ ሁሉም ይነሣል፤ ገመድ የሚጥል አለ፣ ጭነት የሚቈጥር አለ፣ መኪናውን የሚጠብቅ አለ። ስለዚህ እንቅልፋችን ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው።»

ከዚህ በኋላ በመርከቡ ላይ ስላሉት ሰዎች ነገረን። ቁጥራቸው ከ20 አይበልጥም፤ የመጡትም ከልዩ ልዩ አገር ነው። ሥራቸው በሦስት ይከፈላል። ከላይ ያሉት ከካፒቴኑ ጋር ሆነው መርከቡን ይመራሉ፣ ጭነቱንም ይጠብቃሉ። ከታች ያሉት መሐንዲሶችና ረዳቶቻቸው መኪናውን ያንቀሳቅሳሉ። የቀሩት ደግሞ ምግብ ያበስላሉ። ምግቡ ሩዝ፣ ድንችና ዓሣ ስለሚበዛበት፣ የእኅቴ ልጅ ከአገሩ ሲወጣ ሽሮና በርበሬ በሻንጣው ይይዛል። አንድ ቀን ሽሮ ሠርቶ ለባልደረቦቹ ቢያቀምሳቸው ወጥ ቤቱ ራሱ ድስቱን ጠርጎ በላው አለን፤ እኅቴም በዚህ እጅግ ሳቀች።

በጀርመን አገር ደግሞ በሰው እጅ የተቆፈረ የኪል ቦይ የሚባል የውኃ መንገድ አለ። ርዝመቱ 98 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተከፈተውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ነው። የሰሜንን ባሕር ከባልቲክ ባሕር ጋር ያገናኛል። ይህ ቦይ ባይኖር መርከቦች የዴንማርክን ምድር መዞር ግድ ይሆንባቸው ነበር። በሁለቱም ጫፍ የውኃ በር አለ። መርከቡ ገብቶ በሩ ይዘጋል፤ የውስጡ ውኃ ከውጪው ጋር እኩል ሲሆን በሌላው በኩል ያለው በር ይከፈታል። «ተራዬን ጨርሼ ወደ ላይ ብወጣ፣ በመርከባችን ግራና ቀኝ ላሞች ሣር ሲግጡ አየሁ። በውኃ ላይ ሆኜ ላም ሳይ አገሬ ትዝ አለችኝ» አለን።

በክረምታቸው ግን ላም አይታይም። በታኅሣሥ ወር በሰሜን ፊንላንድ ጠረፍ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ባሕሩም ይረጋና በረዶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በረዶ የሚሰብር ብርቱ መርከብ ከፊት እየሄደ መንገድ ይከፍታል፤ የጭነት መርከቦቹም ተራ ገብተው ይከተሉታል። ውኃው እየተረጨ በመርከቡ ላይ ሲረጋ መርከቡን ስለሚያከብደው፣ መርከበኞቹ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያራግፉታል።

ኮንቴይነሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው በብረት ዘንግ ይታሰራሉ። በባሕር ላይ ሳሉ መርከበኞች እየዞሩ ማሰሪያው መላላቱን ይመረምራሉ። ማዕበል ሲበረታ ጭነት ሊወድቅ ይችላልና። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2019 በኔዘርላንድና በጀርመን ጠረፍ አጠገብ ከአንድ ታላቅ መርከብ ላይ ከ340 የሚበልጡ ኮንቴይነሮች በማዕበል ወደ ባሕር ወድቀዋል።

እኅቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «ልጄ፣ አንተስ ፈርተህ ታውቃለህን?» ብላ ጠየቀችው።

እርሱም ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፣ «ማዕበል ፈርቻለሁ። ከማዕበሉ ይልቅ ግን በገዛ እጄ የጻፍሁትን ቁጥር ፈርቻለሁ» አለና ይህን ነገረን።

«በጥር ወር ከሮተርዳም ተነሥተን ወደ ስዊድን አገር ወደ ጎተንበርግ እንሄድ ነበር። በዚያ ሳምንት ሦስት ወደብ ስለ ነካን በጣም ደክሞን ነበር። ማዕበሉም መርከቡን ከጎን ወደ ጎን ይጥለዋል፤ የበላሁት ሁሉ በሆዴ አልረጋም። ተራዬ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጀመረ።

«ከመኪናው እስከ መርከቡ ጭራ ድረስ የተዘረጋ ወፍራም የብረት ዘንግ አለ። በዘንጉ ጫፍ በውኃ ውስጥ የሚዞር ትልቅ የብረት ክንፍ ተተክሏል፤ መርከቡን የሚገፋው እርሱ ነው። ዘንጉ የሚያርፍበትን ኩሽኔታ እንለዋለን። ኩሽኔታው ዘይት ካነሰው ይግላል፤ እጅግ ከጋለም ይቀልጣል። ሙቀቱ ሲጨምር የሚያስጠነቅቀው ደወል ስለ ተበላሸ፣ እስኪጠገን ድረስ በየሰዓቱ ወርደን ሙቀቱን በዓይናችን አይተን በመዝገብ እንድንጽፍ ታዝዘን ነበር።

«በ6 ሰዓትና በ7 ሰዓት ወርጄ አየሁ፤ 45 ነበር። በ8 ሰዓት ጉልበቴ ከዳኝ። መሰላሉ ያንሸራትታል፣ ራሴም ይዞራል። በልቤ፣ ‹ቅድም 45 ነበር፤ አሁንስ ምን ይለወጣል?› አልሁና ሳልወርድ 45 ብዬ ጻፍሁ። በ9 ሰዓትም እንዲሁ አደረግሁ።

«በ10 ሰዓት ሁለተኛው መሐንዲስ ተራውን ተረከበኝ። እርሱ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ የተረከበውን ሁሉ ራሱ ሳያይ አይቀመጥም። በማዕበሉ ውስጥ መሰላሉን ይዞ ወረደ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ፣ ‹68 ሆኗል፤ ገናም እየጨመረ ነው› አለኝ። ወዲያው ወደ ላይ በስልክ ተናግሮ የመርከቡ ፍጥነት እንዲቀንስ አደረገ። ከዚያም መዝገቡን ገልጦ ጣቱን በጻፍሁት ቁጥር ላይ አኖረ። ‹ከአንድ ሰዓት በፊት 45 ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ ማለት ነው። እንግዲያስ ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ መኪናውን አጥፍተን እንፈልገው ይሆን?› እያለ ያስብ ጀመር።

«በዚያ ማዕበል መኪናው የጠፋ መርከብ ምን እንደሚያገኘው አውቅ ነበር። ነፋስና ውኃ ወደ ወደዱት ይወስዱታል። ሳልወርድ እንደ ጻፍሁ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝም ብል ማንም አያስተባብለኝም። ነገር ግን ያ ሽማግሌ የእኔን ሐሰት አምኖ የ18 ሰዎችን ነፍስ የሚመለከት ምክር ይመክር ነበር። ስለዚህ፣ ‹በ8 ሰዓትና በ9 ሰዓት አልወረድሁም፤ ያየሁት በ7 ሰዓት ነው› አልሁት።

«አንድ ቃል አልመለሰልኝም። እንደ ገና ወረድን። ሙቀቱ የጨመረው በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ መሆኑን ካወቀ በኋላ ትንሽ ጉዳት ፈለገ። የዘይቱ መክደኛ ላልቶ ዘይቱ ጥቂት በጥቂት ሲፈስ አገኘን። አጠበቅነው፤ ዘይትም ጨመርን። ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

«ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ መዝገቡን አመጣ። ሁለቱን የሐሰት ቁጥሮች አልፋቃቸውም፤ የመርከብ መዝገብ አይፋቅምና። በላያቸው አንድ ቀጭን መስመር አሰመረና በአጠገባቸው ‹አልታየም› ብዬ እንድጽፍና እንድፈርም አዘዘኝ። ከዚያም፣ ‹ባዶ ትተኸው ቢሆን ኖሮ እኔ አይልህ ነበር። የሐሰት ቁጥር ግን ባዶውን ስለ ሸፈነው ማንም የሚያይልህ አልነበረም› አለኝ። ዋናው መሐንዲስም ገሠጸኝ፤ ተገቢ ነበር። ደወሉ እስኪጠገን ድረስ በየሰዓቱ ስወርድ፣ መሰላሉ እንደ ቀድሞው አልከበደኝም።»

እኅቴ ሲኒዋን እንደ ያዘች ቀረች። በኋላም፣ «እንኳን ነገርኸው፤ ልጄ» አለችው።

እኔ ግን ምንም አልተናገርሁም። በዚያ ሳምንት ከ60 የሚበልጡ የተማሪዎቼን የሒሳብ ደብተሮች አርሜ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሲደርስ ሌሊቱ ስለ ገፋና ስለ ደከመኝ፣ ገጹን ሳላነብ በቀይ እርሳስ የ«ልክ ነው» ምልክት እያደረግሁ ዘጋኋቸው። እነርሱ ከሄዱ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ መብራት አበራሁና እነዚያን ደብተሮች እንደ ገና ገለጥሁ። በአንዲት ልጅ ደብተር ውስጥ 7 ጊዜ 8፣ 54 ነው የሚል በአራት ስፍራ ተጽፎ አገኘሁ። በአራቱም ላይ የእኔ ቀይ ምልክት ነበረበት።

በማግሥቱ ጠዋት በክፍሉ ፊት ቆሜ፣ «እነዚህን ደብተሮች ሳላነብ አርሜአቸዋለሁ፤ አጥፍቻለሁ» አልሁ። ልጆቹ ዝም አሉ። ያቺ ልጅ ግን እጅዋን አንሥታ፣ «መምህር፣ እርስዎ ልክ ነው ስላሉኝ እኔ በቃሌ አጥንቼዋለሁ» አለችኝ።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ቃል የበለጠ ተግሣጽ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሁለታችን አብረን በ54ቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርን። 56 ብላ ጻፈች፤ እኔም በአጠገቡ ፈረምሁ። ሆኖም ልጂቱ 54ን እስክትረሳ ድረስ ብዙ ቀን ፈጅቶባታል።

የያዛችሁት እርሳስ፣ የምትጽፉበትም ወረቀት ምናልባት በባሕር የመጣ ይሆናል። ከዓለም ንግድ በመጠን ከ100 እጅ 80 ያህሉ በመርከብ የሚጓዝ ነውና። ከእናንተ መርከበኛ የሚሆን ጥቂት ነው። ነገር ግን ማንም በማያይበት ሰዓት የሚሠራ ሥራ ለእያንዳንዳችሁ ይደርሳችኋል። በዚያን ጊዜ ሥራውን ሠርታችሁ ጻፉ። ካልሠራችሁት ደግሞ «አልሠራሁም» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚረዳችሁ ሰው ይገኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ንጋት እስኪደርስ ግን መርከቡ በባሕር ላይ ነው፣ በውስጡም የተኙ ሰዎች አሉ።