የሰንበት ትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ከመፋቁ በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አይጠፋም። የእኛም ከዚያ ወገን ነው። የአባላት መዝገብ፣ የመዝሙር ጥራዝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የበዓለ ንግሥ ቀረጻ ሁሉ በእርሱ ላይ ተከማችቷል። በየጊዜው ከሚሰካው ፍላሽ ቫይረስ ስለገባበት ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከትነት ከተለወጡ ሰንብተዋል፤ ተነሥቶ እስኪከፈት ድረስም ውዳሴ ማርያም ደግሞ መጨረስ ይቻላል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል የያዘ ማሽን ይሻል፤ የእኛው አርጅቷል። ስለዚህ ዲስኩ ፈጽሞ ተጠርጎ ኡቡንቱ የተባለው ነፃ ሥርዓት እንዲጫንበት ታሰበ፤ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ይህንኑ አይደለም?» ተብዬም ሥራው ለእኔ ደረሰኝ።

መጫኑ ቀላል ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍላችሁም። ልነግራችሁ የፈለግሁት ከመጫኑ በፊት ስላለው ጉዳይ ነው፤ ምን በእርግጥ እንደሚጠፋና ምን ጠፋ ተብሎ እንደሚቀር።

በደብረ ማርቆስ ከተማችን «ፎርማት» የሚለው ቃል የሁሉ በሽታ መድኃኒት ሆኗል። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ፣ ፎርማት ይደረግ፤ ድምፁ እምቢ አለ፣ ፎርማት ይደረግ። በየጥገና ሱቁ ያለው ልማድ ሲ የተባለውን ክፍል አጥፍቶ ዲ የተባለውን መተው ነው፤ ብዙዎቻችንም ፋይላችንን ዲ ላይ የምናኖረው ስለዚህ ነው። ሲና ዲ ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍልፋዮች ናቸው። አንድ ጎጆ በመጋረጃ ቢከፈል ጣሪያው ሲፈርስ ሁለቱም ወገን እንደሚመታ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ቫይረሱም ዲ ላይ ተደብቆ ቆይቶ አዲስ ወደተጫነው ሲ ሊመለስ ይችላል።

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያለፋችሁ «መፋቅ» ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ጸሐፊው በብራና ላይ ሲስት በስለት ፍቆ በላዩ ያርማል። መጽሐፍ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዛወርም የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ሲጻፍ በጥንታውያን መጻሕፍቶቻችን ላይ ይታያል። ቀለሙ ቢነሣም ጥላው አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። ከሀገራችን ውጭ የታወቀ ምሳሌ አለ፤ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጠ የአርኪሜዴስ የሒሳብ መጽሐፍ ተፍቆ፣ በ1229 እ.ኤ.አ. የጸሎት መጽሐፍ ተጽፎበት ነበር። በእኛ ዘመን ሊቃውንት ብራናውን በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶ እያነሡ የተፋቀውን አነበቡት።

ዲስክም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድን ፋይል ስታጠፉ፣ ወይም ፈጣኑን ፎርማት ስታደርጉ፣ የሚጠፋው በአብዛኛው ማውጫው ነው። ጽሑፉ ግን በላዩ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራምም መልሶ ማውጣት ይቻላል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት በክፍሉ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ብዙ ሰዓት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ የተባለው አዲሱ ዓይነት ሌላ ጠባይ አለው። ክፍሎቹ እኩል እንዲያረጁ ጽሑፉን በውስጡ ከቦታ ቦታ ስለሚያዛውር በላዩ መጻፍ ብቻውን አያስተማምንም፤ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ይገባል።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል ትሉ ይሆናል። በመጀመሪያ የነበረው ሐሳብ ላፕቶፑን ፎርማት አድርጎ መሸጥ ነበር። በዲስኩ ላይ ደግሞ የነዳያን መዝገብ አለ፤ በዐቢይ ጾምና በጳጉሜን እህልና ልብስ የሚሰጣቸው ቤተሰቦች ስም፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ በየቤቱ የታመመው ማን እንደ ሆነ ጭምር። ከእነርሱ መካከል በሰንበት ከጎናችን ቆመው የሚያስቀድሱ፣ ችግራቸውን ጎረቤት እንኳ የማያውቅባቸው አሉ። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያስተማረው ሰጪውን ከውዳሴ ከንቱ ለመጠበቅ ነው፤ ነገር ግን የተቀባዩ ፊት እንዳያፍርም የሚጠቅም ይመስለኛል። ያ መዝገብ ገበያ ላይ ባገኘው እንግዳ እጅ ይወድቅ ነበር። ጉዳዩን ለኮሚቴው አስረዳሁ፤ ሽያጩ ቀረ። መዝገቡ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በሰብሳቢያችን እጅ ተቀመጠ። ዲስኩም ነገ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅምና፣ ሌላው ሁሉ ከተገለበጠ በኋላ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ተጻፈበት። መብራት እንዳይጠፋ እየሰጋሁ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅሁት።

ከሚጠፋው ይልቅ ያስጨነቀኝ የሚቀረው ነው። የመዝሙር ጥራዛችንና የቆዩት ቃለ ጉባኤዎች የተጻፉት ዩኒኮድ ባልተስፋፋበት ጊዜ በነበሩ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲኑ ቁጥር ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየው ፎንቱ የግእዝ መልክ ስለሚያለብሰው ነው። ዲስኩ ሲፋቅ ፎንቱ አብሮ ከጠፋ፣ ፋይሉን በሚገባ ገልብጣችሁ ብታኖሩትም ስትከፍቱት የምታገኙት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ አለ፤ የሚያነበው የለም። «ፋይሌን ገልብጫለሁ» ብሎ ተማምኖ የሚከስር ሰው የሚከስረው በዚህ ነው። ስለዚህ ከጽሑፎቹ ጋር የፎንቶቹን ፎልደር ገለበጥሁ፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ ሳለ ከፍቼ በፒዲኤፍ አስቀመጥሁ፤ ከዚያም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ጀመርሁ።

ዩኒኮድ ለግእዝ ፊደል የራሱን ስፍራ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው፤ ፊደላቱ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ በድምሩ 345 ነበሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.1 እትም ደግሞ ዐሥር የዜማ ምልክቶቻችን ገቡ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። ደስ ብሎኝ ለየኔታ በስልኬ አሳየኋቸው። ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ እያደረጉ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠሩና «ልጄ፣ ፊደሎቹስ የት ገቡ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በድጓ ከንባቡ በላይ በደቂቅ የሚጻፉት የምልክት ፊደላት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ድርሰታቸውም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ፊደልነታቸው በዩኒኮድ አለ፤ ከንባቡ በላይ በየቦታቸው እንዲቀመጡ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው እናንተ ብራናውን ብቻ አትፍቁት» ብለው ሣቁ።

በዲ ክፍል ላይ ማንም ያላስታወሰው አንድ ቀረጻም ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረፉት መሪጌታችን ጾመ ድጓ ሲያዜሙ በስልክ የተቀዳ ነው፤ በመካከሉ ዶሮ ይጮኻል፣ አንድ ተማሪም ሲስል ይሰማል። ሌላ ቅጂ የለውም። በሁለት ፍላሽና በአንድ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥነው። ጸሐፊ ገልብጦ ሲጨርስ ከመነሻው መጽሐፍ ጋር እንደሚያስተያይ፣ ኮምፒውተርም ከፋይሉ ይዘት ሃሽ የሚባል ቁጥር አውጥቶ ሁለቱን ያስተያያል። የአንደኛው ፍላሽ ቁጥር አልገጠመም። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሲመረመር ግን 8 ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። የቀረጻው ስም በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ገበያው በእንዲህ ያለ ፍላሽ የተሞላ ስለሆነ፣ ስሙን አይታችሁ አትመኑ፤ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ።

ቅጂን በተራራቀ ስፍራ ማኖር በቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል መጻሕፍትን ቀርጾ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጡ አድርጓል። የእኛ ውጫዊ ዲስክ በዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ ደኅናው ፍላሽ እኔ ዘንድ ነው፤ በሐሰተኛው ምትክ የተገዛው ደግሞ አዲስ አበባ ባለች እኅታችን እጅ ይገኛል።

ኡቡንቱው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተጫነ። ገና ወደ ዩኒኮድ ያልተቀየሩ ብዙ ገጾች ይቀሩናል፤ ከእነርሱም ጥቂቱ ፎንታቸው በላፕቶፑ ላይ ያልተገኘ ነው። በቤታችሁ የቆየ ሲዲ ወይም ፍሎፒ፣ የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ያለበት አሮጌ ኮምፒውተርም ካላችሁ፣ ፎርማት ሳታደርጉት በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቢሮአችን ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።