አምፕሊፋየሩ የታለ?

እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ካፈርን በኋላ ነው። ባለፈው ሐሙስ አራታችንም ጊታሩን፣ ቤዙን፣ የድራሙን ሲምባልና አንዲት ጥቁር ሳጥን ይዘን አንድ ራይድ ውስጥ ተጠቅጥቀን ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ የምሽት ቤት ሄድን። ባለቤቱ “ኑና ልስማችሁ፣ ከወደድኳችሁ ሐሙስ ሐሙስ የእናንተ ነው” ብሎናል። ሐሙስ ሐሙስ ማለት ለእኛ የቤት ኪራይ ማለት ነው።

ጥቁሯ ሳጥን ሞዴለር ትባላለች። የአምፕሊፋየሩን፣ የፔዳሉንና የስፒከሩን ጠባይ በስሌት የምትኮርጅ ኮምፒውተር ናት። ላይን ሲክስ እንደ ኩላሊት የተቆለመመችውን ፖድ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ካወጣ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተጉዟል፤ “ሜታሊካ እንኳ በእንዲህ ያለች ሳጥን መድረክ ላይ ተጫውቷል” እያለ ጊታሪስታችን ለወራት አደንቁሮናል። ሊገዛት ሲል አጎቱ የተዉለትን ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ሸጠ። አጎቱ በሕይወት የሉም። (ከእሳቸው የቀረው ነገር ያ ብቻ መሆኑን የነገረን ከሸጠው በኋላ ነው። ቀድሞ ቢነግረን እናስጥለው ነበር? እንጃ። ያን ብረት አራተኛ ፎቅ ስናወጣ የኖርነው እኛ ነን።)

የቤቱ ሳውንድማን ሽበታም ሰው ናቸው፤ ዋሊያስ ሒልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል ይጫወቱ የነበረበትን ዘመን አንስተው የማይጠግቡ። ማይክ ይዘው መድረኩን ዞር ዞር አሉና፦

“አምፕሊፋየሩ የታለ?” አሉ።

“ጋሼ፣ ይቺ ናት።”

“ይቺ?”

“አዎ ጋሼ። ቀጥታ ሚክሰሩ ውስጥ ነው የምትገባው።”

ፊታቸውን ባያችሁ!

ሰካን። ጊታሪስታችን መታ። የወጣው ድምፅ ጊታር አይደለም፤ ጣሳ ውስጥ የታፈነ ንብ ነው። ባለቤቱ ከባንኮኒው ቀና አለ። ጊታሪስታችንን ላብ አጠመቀው፤ ልምምድ ቤት ስታምር የነበረች ሳጥን እኮ ናት!

ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተመረቀችው (ቤዝ የምትመታው፣ ይህንንም የምትጽፈው) ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ስትሸመድድ ዓመታት የፈጀች ናት። ትክክለኛዋን ጥያቄ የጠየቁት ግን ጋሼ ናቸው።

“ስትለማመዱ የት ነው የምትሰኳት?”

ያረጀ የጊታር አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ነዋ! ለካ ጉዱ እዚያ ነበር። የጊታር ስፒከር ሁሉንም ድምፅ አያወጣም፤ ከ5 ሺህ ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ጭረት አብዛኛውን ያስቀረዋል። ጊታር ጊታር የሚመስለን በዚያ ምክንያት ጭምር ነው። ሳጥኗ በእውነተኛ የጊታር ስፒከር ስትወጣ ታዲያ የውስጧ የስፒከር ስሌት ይጠፋል፤ አለበለዚያ ስፒከር በስፒከር ላይ ይሆናል። እኛም አጥፍተነዋል። የምሽት ቤቱ ስፒከር ግን የሰጡትን ሁሉ እንዳለ የሚዘረግፍ ነው፤ ጭረቱንም ጭምር።

“ስፒከሯን ቤት ጥላችሁ መጥታችኋል” አሉን። አንዲት ነገር ብትበራ ንቦቹ ሄዱ።

ቀጥሎ ጉርምርምታው መጣ። ጊታሪስታችን ድምፁን ያበጀው ሌሊት፣ አልጋው ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀስ አድርጎ ነው። ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን አሳንሶ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ጨመረበት፤ ያ ጭማሪ በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ ቤዙን ዋጠው። (ቤዝ የምትመታው እስካሁን ይቅር አላለችም።) ጋሼ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጡት። የኤሌክትሪኩን እምምታ ደግሞ ግራውንድ ሊፍት የምትባል ቁልፍ ዝም አሰኘችው።

ከሁሉ የከበደው ሌላ ነው። አምፕሊፋየር ከጀርባህ ሲኖር ሱሪህን ይነቀንቀዋል። አሁን ድምፁ ሁሉ ወደ ታዳሚው ነው፤ ጊታሪስታችን ራሱን አይሰማም። “እዚያ ጋ የሚጫወተው ሌላ ሰው ይመስለኛል” አለ። ጋሼ ከዘፋኛችን ፊት አንድ የወለል ሞኒተር አንስተው ወደ እሱ አዞሩለት። ዘፋኛችን አኮረፈ።

ምሽቱ ደህና ጀመረ። አራተኛው ላይ፣ ትዝታ ውስጥ፣ የጊታር ሶሎው መሃል መብራት ጠፋ። ድራመራችን አላቆመም፤ በጨለማው ብቻውን ይደበድባል። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ሚክሰሩ ወዲያው ነቃ። ሳጥኗ ግን ኮምፒውተር አይደለች? እስክትነሳ 30 ሰከንድ ያህል ፈጀች። ጊታሪስታችን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆመ። ቤዟ የሶሎውን ዜማ ካቆመበት አነሳችው፤ እየተንቀጠቀጠች፣ ሁለት ቦታ እየሳተች። ሰው አጨበጨበ። ሆን ብለን ያደረግነው መስሎት ይሆናል።

“ለሁለት ሐሙስ እንያችሁ” አለ ባለቤቱ። ጋሼ ገመድ እየጠቀለሉ “ዩፒኤስ ይዛችሁ ኑ፣ ልጆች” አሉን።

ስንመለስ ጊታሪስታችን መኪናው ውስጥ የአጎቱን አምፕሊፋየር ለገዛው ሰው ደወለ። ሰውየው አልመልስም አላለም። የጠራው ዋጋ ግን የሦስት ሐሙስ ገቢያችን ነው፤ የተሰጠን ሁለት ነው።